ግንባሬ ላይ ያለውን መስቀል ላጥፋው ወይ?

«እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና አካባቢ ገጠር ነው። አሁን ደብረ ማርቆስ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ደንበኛ ተቀብዬ አስተናግዳለሁ። ከተቀጠርሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ግንባሬ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለኝ፤ አንገቴም ላይ ሦስት ዙር። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አያቴ ናቸው ያስነቀሱኝ። እስካሁን ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ጠራኝና ‹ግንባርሽን አንድ ነገር አድርጊው፤ ድርጅቱን ባላገር አስመሰልሽው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፋውንዴሽን እቀባለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ይለቃል፤ ሽንት ቤት ገብቼ እደግመዋለሁ። ፊቴም ብጉር አወጣ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ የእጇ አንጓ ላይ የቢራቢሮ ታቱ አላት። እሷን ግን ሁሉም ያምርብሻል ነው የሚላት። አዲስ አበባ በሌዘር ያጠፋሉ ሲሉ ሰምቼ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ። ለአያቴ ምን እላቸዋለሁ? ደግሞስ መስቀል ነውና ማጥፋቱ ኃጢአት አይሆንብኝም? ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ስለ ሌዘሩም፣ ስለ አያትሽም፣ ስለ ኃጢአቱም የማውቀውን እነግርሻለሁ። በፊት ግን ሥራ አስኪያጅሽ ከተናገረው አንድ ቃል ይዤ ልነሳ። «ባላገር አስመሰልሽው» ነው ያለሽ። ደንበኛ ቅሬታ አቀረበ አላለሽም። ሥራሽ ላይ ጉድለት አየሁ አላለሽም። ያስቸገረው ቀለሙ አይደለም፤ ቀለሙ የመጣበት ቀዬ ነው።

ማስረጃውን ደግሞ አንቺው ጽፈሽልኛል። የባልደረባሽ ቢራቢሮም እኮ ንቅሳት ነው። መርፌ ነው፣ ቀለም ነው፣ ቆዳ ነው። እሷ የተነቀሰችው ወንበር ላይ ተቀምጣ በማሽን ነው። አንቺ አጎዛ ላይ ተኝተሽ በስፌት መርፌ። የሷን «ታቱ» አልነው፣ ያንቺን «ንቅሳት»። ስሙ ሲለያይ ክብሩም ተለያየ። ከተማ የገባው አሪፍ፣ ከገጠር የመጣው ኋላ ቀር ሆነ። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቃሉ የሚያርፈው አንቺ ላይ ብቻ አይደለም። አያትሽም ላይ ነው፣ እናቴም ላይ ነው።

ልጅቷን ግን በዚህ እንዳትቀየሚያት። የታቱም ሰው የራሱ መከራ አለው። ቀደም ሲል የባሕር ዳር ወጣት ጽፎልኝ ነበር። ክንዱ ላይ የእናቱን ስም ተነቅሷል፤ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነው። «እንግዳ ዱርዬ ይለናል» ብለው በሚያዝያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሸሚዝ አስለበሱት። እናቱ ደግሞ ስማቸው መሆኑን እያወቁ ለሁለት ወር አኮረፉት። አንቺን ባላገር፣ እሱን ዱርዬ። ሁለታችሁም ሥራችሁ ሳይታይ ቆዳችሁ ታየ።

እኔ የተወለድሁት ደምበጫ ነው። እናቴ የአንገት ንቅሳት አላት። ታላቅ እህቴ ስትነቀስ አጠገቧ ቆሜ ነበር። መስከረም ጠብቶ አደይ የፈነዳ ሰሞን ነው። ነቃሿ መጡ። ኩራዝ አብርተው የሸክላ ስባሪ ከላዩ ደፉበት፤ ጥላሸቱ ስባሪው ላይ ተጠራቀመ። እሱን ፍቀው በቅጠል ጭማቂ አራሱት። እህቴ አጎዛ ላይ ተጋደመች፣ ራሷን እናቴ ጭን ላይ አደረገች። ሴትዮዋ መርፌውን ጥላሸቱ ውስጥ እየነከሩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ደሙን በጥጥ ጠረግ ያደርጉና እንደገና ጠቅ። እህቴ ትንፍሽ አላለችም። ያለቀሰችው ማታ ነው፤ አንገቷ አብጦ መዞር ሲያቅታት። ከቀናት በኋላ ቅርፊቱ ረገፈና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር መስመር ከሥሩ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አገጯን ቀና አድርጎ እያየ «እንዴት አምሮባታል!» አለ። እህቴ ለሳምንት ነጠላዋን ከአንገቷ ዝቅ አድርጋ ነው የዋለች። እንዲታይላት።

ለዚህ ነው አያትሽ አንቺን ሲያስነቅሱ ሊያዋርዱሽ አልነበረም የምልሽ። የአንገት ንቅሳት አዝማሪ የሚያሞግሰው፣ ወጣት የሚመኘው ጌጥ ነበር። የግንባሩ መስቀል ደግሞ ጥበቃ ነው፤ ልጄን ክፉ ነገር እንዳይነካብኝ ነው። የአንገቱን ለእንቅርትም መድኃኒት ነው የሚሉ ነበሩ። በደጋው ጎጃም እንቅርት ብዙ ነበረ፤ መንስኤው የአዮዲን እጥረት ነው። ንቅሳት እንቅርትን አያድንም፤ የሚከላከለው አዮዲን ያለው ጨው ነው። እናቶቻችን ግን በዘመናቸው በእጃቸው ባለው ነገር ልጆቻቸውን ሊጠብቁ ሞከሩ።

ይህን ስል የሆነውን ሁሉ ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ማንም አልጠየቀሽም። በዚያች የደምበጫ ቀን በአንዲት መርፌ አራት ልጆች ተነቀሱ። ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። እንዲህ ያለ መርፌ ሄፓታይተስ የሚባለውን የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል፣ ኤችአይቪ ያስተላልፋል፣ ቴታነስም ያመጣል። ስለዚህ በአንቺም ጊዜ መርፌው ከሌላ ልጅ ጋር የተጋራ ከነበረ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ አድርጊ። ቀላል የደም ምርመራ ነው። ሰዉ የወፍ በሽታ የሚለው ነገር ዓይን ቢጫ እስኪሆን አይጠበቅም፤ ቫይረሱ ምንም ሳያሳይ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ልጅ ስትወልጂም ውሳኔውን ለልጅሽ ተይላት። አድጋ ከፈለገች ንጹሕ መርፌ ባለበት ቦታ ታስነቅሳለች።

ነገሩ የባላገር ብቻ ነው ለሚልሽ ሰው ደግሞ ይህን ንገሪው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የአንድ ሰው አስከሬን ተገኘ። ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ኦትዚ ይሉታል። ገላው ላይ 61 ንቅሳት ተቆጥሯል። ቀለሙ ከከሰል ጥላሸት ነው፤ የኛ እናቶች የተጠቀሙበት ዓይነት። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካኝ ግን የኒውዚላንዷ ሴት ነገር ነው። ናናያ ማሁታ ትባላለች፣ ማኦሪ ናት፤ ማኦሪ የአገሩ ነባር ሕዝብ ነው። የማኦሪ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ከንፈራቸውንና አገጫቸውን ይነቀሳሉ፤ የዘር ሐረግን የሚናገር ንቅሳት ነው። እሷም ተነቀሰችው። በ2020 እ.ኤ.አ. የአገሯ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። አገጯ ላይ የእናቶቿን ምልክት ይዛ የዓለም መሪዎች ፊት ተቀመጠች፤ ማንም ፋውንዴሽን ተቀቢ አላላትም። እዚያም ቢሆን እንዲሁ በነጻ የመጣ ነገር አይደለም። የአገሪቱ አየር መንገድ ለሠራተኞቹ የሚታይ ንቅሳት የፈቀደው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በንቅሳታቸው ምክንያት ሥራ የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ። ሰው እየጠየቀ፣ እየተከራከረ ነው የተለወጠው።

አሁን ወደ ሥራሽ እንምጣ።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆንሽ አንቺን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ንቅሳትን በስም አያነሳም። ነገር ግን አሠሪ በሠራተኞቹ መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በሌላ ሁኔታ ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። የሥራ ውል ለማቋረጥም ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ አሠራር ጋር የተያያዘ ግልጽ ምክንያት ያስፈልጋል። የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፤ አንቺ ሁለት ዓመት አልፎሻል። ስለዚህ በግንባርሽ የተነሳ ነገ ጠዋት ያባርረኛል ብለሽ እንቅልፍ አትጪ።

አሠሪም መብት አለው፣ ይህን አልደብቅሽም። የደንብ ልብስ ሊያወጣ ይችላል። ንጽሕና ሊጠይቅ ይችላል። የሚታይ ንቅሳት ሁሉ በሥራ ሰዓት ይሸፈን የሚል ደንብ ጽፎ ሊያወጣም ይሞክር ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ደንብ ላይም መከራከር ይቻላል። ግን ደንብ ከሆነ ለሁሉም ነው። መስቀሉ ይሸፈን ከተባለ ቢራቢሮውም ይሸፈናል። አንቺ ጋ የተደረገው ግን ደንብ አይደለም። ቢሮ ተጠርተሽ የተነገረሽ የአንድ ሰው ስሜት ነው።

እና አነጋግሪው። ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ሳይደርሰው፣ ሥራ ሊያልቅ ሲል፣ ብቻውን ስታገኚው። ቁጣ አያስፈልግም፤ እንባም እንዳይቀድምሽ ቀደም ብለሽ ቤትሽ ውስጥ ድምፅ አውጥተሽ ተለማመጂው። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦ «ባለፈው ስለ ግንባሬ የነገሩኝን አስቤበታለሁ። ይህ ንቅሳት ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያለ ነው። ስቀጠርም ነበረ። ሥራዬ ላይ ያመጣው ችግር ካለ ይንገሩኝ፣ አስተካክላለሁ። የድርጅቱ ደንብ ከሆነ ደግሞ ደንቡን ያሳዩኝ፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ እከተላለሁ። ባላገር አስመሰልሽው ያሉኝ ግን ከፍቶኛል።» በቃ። ከዚህ በላይ አትጨምሪ። ዝም ብለሽ መልሱን ጠብቂ።

አንድ ነገር ልታነሺለት ትችያለሽ። ከካውንተሩ ወዲያ የሚቆሙት ደንበኞች እነማን ናቸው? ከሉማሜ የመጡ፣ ከአማኑኤል፣ ከየጁቤ፣ ከቢቸና የመጡ እናቶች አይደሉም? ከነሱ ስንቶቹ ግንባር ላይ ያው መስቀል አለ? እነዚያ እናቶች ድርጅት ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት የሚያውቁትን ፊት ነው። ፎርም መሙላት የሚያፍሩት፣ ቁጥራቸው ሲጠራ የሚደናገጡት፣ ቀጥ ብለው ወደ አንቺ የሚመጡት ለምን ይመስልሻል? እንደሚመጡ እርግጠኛ ነኝ። ይህንን ሥራ አስኪያጅሽ እንደ ጥቅም ሊቆጥረው ይገባል።

ምናልባት ይቅርታ ይጠይቅሽ ይሆናል። ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ተናግሮ ማታ የሚጸጸትበት ጊዜ አለ። ካልሆነና «አልሁሽ እኮ» ካለሽ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተናገረውን ቃል በቃል ማስታወሻሽ ላይ አስፍሪ። ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። እንዲህ ያለውን ነገር ወረቀት ላይ አስፍሮ ለመፈረም ብዙ ሰው ድፍረት የለውም። ድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ወይም የሠራተኛ ማኅበር ካለው ለነሱ አሳውቂ። ከከፋም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያይ የመንግሥት ቢሮ አለ፤ ማስታወሻሽ ያን ጊዜ ይጠቅምሻል።

እስከዚያው ፋውንዴሽኑን መቀባት ብትቀጥዪ አልወቅስሽም። እንጀራሽ ነው። ግን ማታ ማታ በደንብ ታጥበሽ ተኚ፤ ብጉሩም ካልቀነሰ ተዪው። ፊትሽን እያበላሸሽ ፊትሽን ማሳመር አይሆንም።

ስለ ሌዘሩ። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ የተቀመጠውን ቀለም ያደቅቀዋል፣ ከዚያ ሰውነትሽ ራሱ ቀስ በቀስ ጠርጎ ያስወግደዋል። ስለዚህ በአንድ ቀን አያልቅም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት እየቆዩ ብዙ ጊዜ መመላለስ ነው። ጥሩው ነገር የጥላሸት ጥቁር ቀለም ከሌላው ቀለም ይልቅ ለሌዘር ይቀለዋል። መጥፎው ነገር የኛ ቆዳ ነው። ቆዳችን የራሱ ቀለም ስላለው ሌዘሩ በደንብ ካልተመረጠ የቆዳውንም ቀለም አብሮ ይመታዋል። ያኔ ጥቁሩ መስቀል ይጠፋና በቦታው የነጣ መስቀል ይቀራል። አንገት ላይ ደግሞ ኬሎይድ የሚሉት ያበጠ ጠባሳ ሊወጣ ይችላል፤ አንቺ ወይ ቤተሰብሽ ውስጥ ቁስል ሲድን የሚያብጥበት ሰው ካለ ቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪ። ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር ነው፤ 1064 ናኖሜትር የሚለውን ቁጥር ያዢው፤ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው። የቆዳ ስፔሻሊስት ሐኪም ሳያይሽ የውበት ሳሎን ውስጥ ማንም ማሽን እንዳያሳርፍብሽ። ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረው፣ ወር ጠብቀው፣ ከዚያ ነው የሚቀጥሉት። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ ይቆይ።

አደራሽን፣ በባትሪ አሲድ፣ በሚያቃጥል ቅጠል ወይ ገበያ ላይ በሚሸጥ የማንጫ ክሬም እንዳትሞክሪው። ንቅሳቱ ሳይለቅ ቆዳው የሄደባቸውን ሴቶች በዓይኔ አይቻለሁ።

ወጪውን ስታስቢ መንገዱንም አስቢው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አባይን ወርዶ መውጣት አለ። መንገዱ በዚህ ጊዜ እንዴት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ያንን ስድስት፣ ሰባት ጊዜ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ነው የምትመላለሽው።

ማጥፋት የለብሽም እያልሁሽ አይደለም። ገላው ያንቺ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ፦ ይህ ሥራ አስኪያጅ በሚቀጥለው ወር ቢቀየር፣ አሁንም አጠፋው ነበር? «አዎ፣ እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ አልወደውም» ካልሽ በእርጋታ ሐኪም አማክሪና አድርጊው፤ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። «አይ፣ እሱ ባይናገረኝ ትዝም አይለኝ ነበር» ካልሽ ያጠራቀምሽውን ብር ለሌላ ነገር አውዪው። ሁለት ዓመት በሙሉ ማንም ምንም እንዳላለሽ ጽፈሽልኛልና እኔ የሁለተኛው መልስ ይመስለኛል። ልሳሳት ግን እችላለሁ፤ ቆዳው የኔ አይደለም።

ስለ ኃጢአቱ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ የሳቸው ድርሻ ነው። እኔ የማውቀውን ብቻ ልንገርሽ። ክርስትና የተነሳሽው በ80 ቀንሽ ነው፤ ያኔ በሜሮን ታትመሻል። ንቅሳቱ የመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ንቅሳት ምሥጢረ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። እንዲያውም ኦሪት ዘሌዋውያን ገላን መነቀስን እንደሚከለክል የሚጠቅሱ መምህራን አሉ። በሌላ በኩል የግብፅ ኮፕት ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ድረስ የእጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ይነቀሳሉ፤ ክርስቲያንነታቸውን የሚመሰክሩበት ነው። ስለዚህ ቢኖርም ቢጠፋም ሃይማኖትሽ አይጎድልም። እሱን ፍርሃት ከልብሽ አውጪው።

አያትሽን ግን ሳትነግሪያቸው ምንም እንዳታደርጊ። ማስፈቀድ አለብሽ ማለቴ አይደለም። በሚቀጥለው በዓል ስትሄጂ ቡናው ሲፈላ አጠገባቸው ቁጭ በዪና ጠይቂያቸው። የነቀሰኝ ማን ነበር? ለምን ሦስት ዙር? እርስዎንስ ማን አስነቀሰዎት? አልቅሼ ነበር? እኔ እናቴን ይህን የጠየቅኋት ካረጀች በኋላ ነው። የሷ እናት እንቁላል ሸጣ ያገኘችውን ብር ለነቃሿ እንደከፈለች ያን ቀን ነገረችኝ። ብዙውን ግን ረስታው ነበር። አንቺ ቶሎ ጠይቂ። ሥራ አስኪያጁ ያለሽን ንገሪያቸው ወይም ተዪው፤ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ልቤ የሚለኝ ግን ካንቺ ይልቅ እሳቸው መልስ ያገኙለታል ነው።

ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። አያትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።